አህያ በመቶኛ

ከቆርቆሮው ቢሮ፣ ከበሩ በስተግራ፣
በአራት ሚስማር ተመትታ፣
ወረቀት አለች አንዲት፣ የጊዜያችን አደራ፤
ሁለት መስመር አለባት።
ቀዩ ዕቅዳችን ነው፤ ሽቅብ ይወጣል እንደ ጮቄ አቀበት።
ሰማያዊው እኛ ነን፤ ይከተላል ከኋላው፣
እንደ ደከመ በሬ፣ ጅራፍ እንደማይሰማው።

ዓርብ ዓርብ ከሰዓት፣ ጉብታው ላይ ወጥቼ፣ ኔትወርክ ፈልጌ፣
ቁጥር እልክ ነበር፤ እኔ መዝጋቢው፣ ደብተሬን ከብብቴ አድርጌ።
«የዳር ምሰሶ፦ ሁለት። ብረት፦ የታሰረ።
ጠቅላላ፦ ሰባ ስምንት በመቶ፣ ካለፈው የጨመረ።»
ሰባ ስምንት! በየትኛው ቁና ተሰፈረ?
ያለፈው ሰባ አምስት ነበር፤
ቁጥርም እንደ ጥጃ ይደግ ብዬ ነዋ፣ ሦስት የተጨመረ።

ወይዘሮ አስሜ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከማዶ ለቡሬ ገበያ፣
በርበሬ ጭና ትመጣለች፣ በአንዲት ዳለቻ አህያ።
መልካውን ተሻግራ፣ ቀሚሷን እየጨመቀች፣
«ልጄ፣ ምን ያህል ቀረው?» አለች።
«ሰባ ስምንት በመቶ አልቋል» አልኋት፤ ደረቴን ነፋ አደረገው።
ምሰሶውን አየች። አህያዋን አየች። እኔን አየች።
«አህያ በመቶኛ አትሻገርም» አለች።
«ሰባ ስምንቱ እጇ ማዶ ሄዶ፣ ሃያ ሁለቱ እዚህ ይቀራል?
ጭነቱስ፣ በሞቴ፣ ከየትኛው ወገን ይቆጠራል?»

ሌሊቱን እንቅልፍ ጠፋ። ባትሪ ይዤ መጋዘን ወረድሁ።
የይታይሽን ግድግዳ ያን ጊዜ ነው በቅጡ ያየሁ።
ሲሚንቶ ጠባቂዋ፣ ለወጣ ከረጢት ሁሉ አንዳንድ የከሰል ጭረት፣
አምስት ሲሞላ አግድም ሰረዝ፣
አምስት፣ አምስት፣ አምስት፣ እስከ ጣሪያው ጥግ ሞልታበት።
ማንም አላዘዛት። «ነገር በኔ እንዳይመጣ ብዬ» ትል ነበር።
ቆጠርሁ። ደገምሁ። ባትሪው ደከመ።
ንድፉ ስምንት መቶ አርባ ከረጢት ይበላል፤
ከሰሉ አምስት መቶ አሥራ ሁለት ይላል።
ስልሳ አንድ።
ከሰል ፊደል አልቆጠረም፣ መዋሸትም አልተማረ፤
እሱ ያጠቆረው ግድግዳውን፤ እኔን ያ ሰባ ስምንት አጠቆረ።

ስልሳ አንድ ብዬ ላክሁ። ስልኩ ጮኸ ከባሕር ዳር፦
«ሥራ ወደ ኋላ ይሄዳል እንዴ? ድልድይ ያንሳል? ምን ጉድ ነው ይኼ ነገር?»
«ድልድዩ አላነሰም ጌታዬ፤ እንደቆመ ነው በቦታው፤
በአሥራ ሰባት ያነሰ፣ የኔ ውሸት ነው።»

መሐንዲስ ምኒችል በሦስተኛው ቀን መጣ።
ይጮህብኛል ብዬ ነበር፤ እርሳስ ብቻ አወጣ፤
ሰማያዊውን መስመር እታች ድረስ አወረደው።
«ለክረምቱ ስንት ቀን አለን?»
«ሃያ ስድስት» አልሁ። ከንፈሩን ነከሰው።
አጥር የሚቀቡት ቀለሙን ይተዉ።
የልየው ግንበኞች ወደ መሐል ምሰሶ ይውረዱ።
ሁለተኛ ሚክሰር ከፍኖተ ሰላም በውሰት፤
ልኬት ከእንግዲህ በየምሽቱ፣ ገመድ ተይዞ፣ ሳምንት አይጠበቅበት።
ልየው አጉረመረመ፦ «እየተቆጠረብኝ እጄ ይተሳሰራል።»
በአምስተኛው ምሽት ግን፣ ገመዱን ባዘገይ፣
«የዛሬዬስ የት ደረሰ?» ይላል።

በሰኔ ሚካኤል ማግስት ወንዙ መጣ፣
ድፍርስ፣ ግንድ ተሸክሞ፣ የማንንም ሰሌዳ ሳያይ።
መሐል ምሰሶውን በግንባሩ መታው።
ምሰሶው ቆመ።
ወለል ግን የለም፤ ከምሰሶ እስከ ምሰሶ የተዘረጋው ሰማይ።
አስሜ ከማዶ ነበረች፣ ከዳለቻዋ ጋር። አንድ ነገር ጮኸች፤
ወንዙ ዋጠው።
ምን እንዳለች ግን አላጣሁትም።

ዓርብ ጉብታው ላይ ወጣሁ። ጠቅላላ፦ ሰባ ሦስት።
ከሥሩ፣ በቅጹ ላይ ያልነበረች አንዲት መስመር ጨመርሁ፦
«የተሻገረ አህያ፦ ገና።»